ከጎን የተሣለች ሴት

አምባቸው መጀመሪያ ሱቄ የመጣው ቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ሊገዛ ነው። መካነ ሰላም ላይ ቀለም፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ።

«ምን ልትቀባ ነው?» አልኩት።

«ጀልባ።»

ቀና ብዬ አየሁት። አገሩ ደጋ ነው። ውሃ ከተባለ ዓባይ አለ፤ እሱም ገደሉን ወርደህ ወርደህ ነው የምታገኘው።

«እንግዲያው ቆርቆሮም ጨምርና ጣሪያ አልብሰው፤ እዚህ ያለው ዝናብ እንጂ ባሕር አይደለም።»

ሳቀ። ሥዕል ነው አለኝ፤ በዘይት ቀለም፣ ሸራ ላይ። ያደገው አሰብ ነው። አባቱ ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ዘመድ አገር ተመለሱ። አሁን እንጀራው የሱቅ ታፔላ መጻፍ ነው፤ ባሕሩን የሚሥለው ለራሱ ነው።

እኔ ያን ጊዜ አርባን አልፌያለሁ። ልጅ ሆኜ ተድሬ፣ አልሆነኝም ብዬ የተመለስኩ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ክንፈ ቢቆጡ፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ እምቢ እንዳልኩ ቀረሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው ግትር ናት ይላል፤ ይበል።

ክረምት ገባ። የዘይት ቀለም በብርድና በጭጋግ አይደርቅም፤ የሱ ኪራይ ቤት ደግሞ ያፈሳል።

«አማን አደርሽ ሰገነት? መጋዘንሽ ደረቅ ነው። ሥዕሌን ላስጠልልበት?» አለኝ።

ፈቀድኩ። ከዚያ ወዲህ ታፔላውን ሲጨርስ እየመጣ መጋዘኑ በር ላይ ይሥላል፤ እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ደንበኛ እጠብቃለሁ። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ ዘወር ስል ብሩሹን እንደያዘ ወደኔ ሲያይ አገኘዋለሁ። እሱ ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ እኔም ወደ መንገዱ።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን አረንጓዴ ትጨምርበታለህ?»

«ዳር ዳሩ ጥልቀት ስለሌለው እንዲህ ነው። ብታዪው ትወጂው ነበር።»

«የማላውቀውን አልወድም።»

«እኔን ግን እያወቅሽኝ ነው» አለ ብሩሹን እያጠበ።

አንድ ቀን ደግሞ «ለአባትሽ ሽማግሌ ብልክ ታባርሪብኛለሽ?» አለኝ።

«መጀመሪያ የጀመርከውን ጨርስ» አልኩት። እሺ ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል።

የጨረሰ ቀን አባዬም ሱቅ ነበሩ። ሸራውን አዞረልን። ወደቡ አለ፣ የታሰሩ ጀልባዎች አሉ፤ አንዱ ጀልባ ላይ ሴት ተቀምጣለች። እኔ ነኝ። ነጠላው ሳይቀር የኔ ነው። ፊቷ ግን ወደ ጎን ነው።

አባዬ በመቋሚያቸው ጠቆሙ። «የዚች አንድ ዓይኗ የት ሄደ?»

«ከጎን ስለተሣለች ነው፣ የኔታ።»

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ጻድቅ ፊቱን የሚሰጠው ወደሱ ለሚጸልየው ሰው ነው» ብለው ወጡ።

እኔም ያደግኩት እነዚያን ግድግዳዎች እያየሁ ነው። ደሜ ፈላ። በዚህ ከተማ ባሏን ጥላ የመጣች እንደምባል አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ከነይሁዳ ተርታ።

«ፊቴን አዙረው» አልኩት።

«ካዞርኩት አንቺ አትሆኚም። እኔ የማይሽ እንዲህ ነው፤ መንገዱን ስታዪ።»

«እንግዲያው አትየኝ። ፊቴ ካልዞረ ሽማግሌም የለም።»

«ሌላ ያልሽኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ይሄን ግን አልችልም።»

ሄደ። ሥዕሉ ገና ስላልደረቀ እዚያው ቀረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። አምባቸው አኳራጁን ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረ። በበሬ ሲያልፍ ሰላም ይላል፤ እመልስለታለሁ። ከዚያ በላይ አንዳችንም አልተነፈስንም። መስከረም ጠባ፤ ገብሱም ታጨደ። ሽማግሌ የሚባል ግን አልመጣም።

በኅዳር ግድም ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ መጣ።

«ሥዕሉ ላይ የቀረኝ ነገር አለ» አለ።

ተረታ ብዬ መጋዘኑን ከፈትኩለት። ደንበኛ ስለነበረኝ ምን እንደሚሠራ አላየሁም። ሲጠራኝ ሄድኩ።

የኔ ፊት እንደነበረው ነው። ፊት ለፊቴ ግን፣ እዚያው ጀልባ ላይ፣ ሰውዬ ተቀምጧል። አፍንጫው የአምባቸው ነው። እሱም ከጎን ነው፤ እሱም ባንድ ዓይን።

«አንተም ይሁዳ ሆንክ?»

«ሁለቱንም ፊት ለፊት ብሥላቸው የሚያዩት እኛን ነው» አለ። «ወደነዚህ የሚጸልይ የለም፤ የሚተያዩት እርስ በርሳቸው ነው።»

ወደ ሸራው ጠጋ አልኩ። ፊቴን ማዞር ነበረበት፤ ይሄን ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን ሴትየዋ አሁን መንገድ እያየች አልነበረም።

«ሽማግሌዎቹን እሑድ ላካቸው» አልኩት። «አባዬ ከቅዳሴ ወጥተው እህል ከቀመሱ በኋላ ይሁን ታዲያ። ባዶ ሆዳቸውን ከሆኑ እምቢ ነው የሚሉት።»