ፍለጋው ያልገባበት ማኅደር

የካቲት ፯ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.፣ ሰኞ። ኢንስፔክተር ለታ ያን ጊዜ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ባሌ ውስጥ ከብድሬ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ባዳሳ የሚባል ገበሬና ሚስቱ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሞቱ። ጎረቤቶቻቸው ሆስፒታል ገቡ። ሁሉም የበሉት በድርቁ ምክንያት የታደላቸውን ስንዴ ነው። ስንዴው ግን የምግብ አልነበረም። ለዘር ተብሎ በመርዝ የታሸ ነበር። ቀለሙ ስለ ለቀቀ ማንም አልለየውም።

ስንዴውን ያደለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጽሕፈት ቤቱ ሮቤ ነው። ለታ በየቤቱ የቀረው እንዲሰበሰብ ካዘዘ በኋላ በቀጥታ ወደዚያ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ጌታነህ ቆሞ ተቀበለው።

«ስንዴው መርዝ እንዳለበት ላኪው አላስታወቃችሁም?»

«አላስታወቀም።»

«ደብዳቤ፣ ስልክ፣ ምንም?»

«ምንም። ከፈለጉ እፈርማለሁ።»

ፈረመም።

ጸሐፊዋ ጂቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ቀና ብላ ጌታነህን አየችው።

«አስታውቆናል» አለች። «ሐሙስ ጠዋት በኢሜይል መጣ። ‹ይህ ስንዴ የዘር ነው፤ ሰው እንዳይበላው› ይላል። ለእርስዎ ነገርኩዎት። ‹እኔ እደውላለሁ› አሉኝ።»

«አሳዪኝ» አለ ለታ።

ጂቱ ፍለጋው ላይ «ስንዴ» ብላ ጻፈች። የአምናው ወጣ። የካቻምናው ወጣ። የሐሙሱ አልወጣም። የላኪውን ስም ጻፈች። አልወጣም። ደግማ ጻፈች።

«እዚሁ ነበረ።»

«ደንግጣ ነው» አለ ጌታነህ በለሰለሰ ድምፅ። «አይፍረዱባት፤ ልጅ ናት።»

ይህ ርኅራኄ ለታን አስቆጣው። ለምን እንዳስቆጣው ግን ለራሱም አልገባውም።

ለጽሕፈት ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ያ ብቻ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ ስለሚሻማበት የይለፍ ቃሉም ለሁሉም አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሊጠግነው የመጣ ሂካ የሚባል ባለሙያ መኖሩን ለታ ሰምቶ አስጠራው።

«ደብዳቤ የምታጠፋው አንተ ነህ?»

«እኔ የማጠፋው ቫይረስ ነው ጌታዬ። እሱም አልጠፋ ብሎኛል።»

ለታ አልሳቀም። ሂካም ቀልዱን ትቶ ተቀመጠ፤ የኢሜይል ፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፍቶ ጥቂት ተመለከተ።

«ይህ ፍለጋ ታስሯል» አለ።

«እንዴት ይታሰራል?»

«ሲፈልግ የት የት እንዲያይ ይታዘዛል። ሁሉንም ማኅደር እይ ሊባል ይችላል፤ አንዱን ብቻ እይም ሊባል ይችላል። ይኼ የገቢ መልእክቶችን ማኅደር ብቻ እንዲያይ ታዟል። ቤቱን ፈትሽ ሲባል ደጃፉን ብቻ አይቶ እንደሚመለስ ሰው ነው።»

«አንተ ነህ ያሰርኸው?»

«እኔ ስሄድ ሁሉንም ያይ ነበር።»

«ፍታው።»

ሂካ ማስተካከያውን ወደ ሁሉም ማኅደሮች መለሰና «ስንዴ» ብሎ ጻፈ። የሐሙሱ መልእክት ወጣ። ቃሉ ጂቱ እንዳለችው ነበር። የተቀመጠው ግን ‹የጂቱ የግል› በሚል ማኅደር ውስጥ ነው።

«እንግዲህ ደብቃው ኖሯል» አለ ጌታነህ። «እኔ መኖሩን በምን አውቄ!»

«እኔ እዚያ አላስገባሁትም» አለች ጂቱ።

ለታ አመናት። ማመን ግን ማስረጃ አይደለም። ሁለት ሰው ሞቷል፤ መልእክቱ ከእርሷ ማኅደር ተገኝቷል። ጥርሱን ነክሶ ወደ ጣቢያ ወሰዳት።

ከቀትር በኋላ እናቷ ወይዘሮ እታለማሁ ከጎባ ምግብ ይዘው መጡ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረጉት።

«እርስዎ ነዎት ኢንስፔክተሩ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«እናቴ አይበሉኝ። ትናንት ሽማግሌ ላኩብኝ፣ ዛሬ ልጄን አሰሩ። ወይ ያስታርቁ ወይ ይሰሩ፤ በአንድ እጅ ሁለቱንም?»

«ሽማግሌ አልላክሁም።»

«ታዲያ ሽማግሌውን ኦቦ ጉዲሳን ማን ላካቸው? ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጄ ተቀምጠው ቆዩኝ። ‹ልጅሽ የደበቀችውን ደብዳቤ አምና ይቅርታ ትበል፤ ከሟች ወገን እኛ እናስታርቃለን› አሉኝ። እኔ ደብዳቤውንም አላውቅ፣ ሟቹንም አላውቅ። አርጅተው የተሳሳቱ መስሎኝ ውኃ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።»

ለታ ከወንበሩ ተነሣ።

ደም ሲፈስ ከሕግ ቀድሞ ሽማግሌ መላክ በባሌ የቆየ ወግ ነው። የላከው ሰው ወጉን አልዘነጋም። የዘነጋው ቀኑን ነው። እሑድ ዕለት ደብዳቤ መኖሩን ፖሊስ አያውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ጎባ ሄዶ ጉዲሳን ከቤታቸው አገኛቸው።

«ኦቦ ጉዲሳ፣ ማን ላከዎት?»

«የዕርቅ ላኪ አይነገርም፣ ልጄ።»

«ሐሰት ላይ የቆመ ዕርቅ አለ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከጉልበታቸው አነሡ።

«ጌታነህ ነው። ቅዳሜ መጣ። ልጅቱ ደብዳቤ ደብቃ ሰው አስጨረሰች አለኝ። አዘንሁላት።»

«ደብዳቤው ምን ይላል አለዎት?»

«‹የዘር ነው፤ ሰው እንዳይበላው› ይላል አለኝ።» ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ሐሰቱ በእኔ ሽበት ነው የተሸፈነው?»

«በእርስዎ ሽበት ነው።»

ለታ ሮቤ ተመልሶ የተፈረመውን ቃል ጌታነህ ፊት አኖረ። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ሲለው የነበረውን ሰው አንተ አለው።

«ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ አልመጣም ብለህ ፈረምህ። ቅዳሜ ግን ቃል በቃል ለኦቦ ጉዲሳ ነገርሃቸው። አሁን ተናገር።»

ጌታነህ ላቡን ጠረገ።

«የስንዴውን ምርመራ ሳልጠብቅ መኪኖቹን ወደ ብድሬ መጋዘን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ልሾም ነበር። እንዳይታደል ብደውል ጥፋቴ ይታወቅ ነበር። ብዙውን ጊዜ እኮ እንዲህ ያለ ስንዴ ታጥቦ ሲበላ ምንም አያደርግም።»

«ፍለጋውን ለምን አሰርኸው?»

«ጂቱ አውጥታ ለሰው እንዳታሳየው።»

«ለምን አላጠፋኸውም?»

«ላኪው ግልባጩን ያሳያል። ሲያሳይ ከእርሷ ዘንድ እንዲገኝ ብዬ ነው።»

«ሐሙስ ስንዴው ሳይታደል ገና ብድሬ መጋዘን ነበር» አለ ለታ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ እጆቹ ግን ከጠረጴዛው በታች ተጨብጠዋል። «ባዳሳ የወሰደው ዓርብ ነው። ‹አትስጡ› የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አንተ ግን በዚያች ሰዓት ተቀምጠህ ማኅደር ትመርጥ ነበር።»

ጂቱ ስትፈታ ለታ በሩን ራሱ ከፈተላት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እርስዎን አልተቆጣሁም» አለች። «እኔም ስልክ ነበረኝ። ‹እደውላለሁ› ሲለኝ ዝም ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።»

«አለቃሽ ነበር።»

«አለቃዬ ነበር» አለች፤ የእናቷን ክንድ ይዛም ወጣች።

ይህን ስጽፍ በቀኑም ሆነ በንግግሩ የተሳሳትሁት ቢኖር፣ ነገሩን በቅርብ ያያችሁ የሮቤና የጎባ ሰዎች አርሙልኝ። የባዳሳን ሚስት ስም ብዙ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። የምታውቁ ብትኖሩ ያንን አስቀድሙ።