ማሩ እስኪያልቅ

ዳግማዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ስንዱ የወጥ ቤቱን ብልቃጦች ሙቅ ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋቸው አገኘቻት። ውኃው ላይ ነጫጭ የፕላስተር ቁራጮች ይንሳፈፋሉ። የአባቷ ጽሑፍ ነበረባቸው።

አባቷ አላምረው ሃያ ዓመት በሆስፒታል ፋርማሲ ሲሠራ የሥራው ዐመል ቤት ድረስ ተከትሎት ነበር። የስኳሩንም፣ የዘይቱንም፣ የማሩንም ስም በቁስል ፕላስተር ላይ በላቲን እየጻፈ ብልቃጦቹ ላይ ይለጥፍ ነበር። ማር ሲፈልግ «ሜሉን አቀብይኝ» ሲላት፣ ልጅ እያለች በሣቅ ትፈርስ ነበር፤ ከፍ ስትል ግን ጓደኞቿ ፊት ያሳፍራት ጀመር። ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። አሁን ያ የሚያሳፍር ነገር ሁሉ ይናፍቃታል።

ዛሬ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህሯ አሥር የዘወትር ቃላት ሰጥተው፣ የላቲን አቻቸውንና ከየት እንዳገኙት እንዲጽፉ አዘዋል። የክፍል ጓደኛዋ ኤልሳ ወዲያው መልሱን ከኢንተርኔት ቀድታ በቴሌግራም ለቀቀችው። ዳግማዊት ግን አልከፈተችውም፤ ከአባቷ ብልቃጦች ልትገለብጥ እየሮጠች ነበር የመጣችው።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች። እንባዋ መጣ።

ቅዳሜ ወደ አዘዞ ቤት ይቀይራሉ። ስንዱ ቀና ሳትል መለሰች። «ስኳር ላወጣ በሄድኩ ቁጥር እሱን አገኘዋለሁ፣ ልጄ። አዲሱ ቤት ድረስ ይዤው ለመሄድ አቅም የለኝም።»

ዳግማዊት ስልኳን አውጥታ የኤልሳን መልስ ለመገልበጥ ቃላቱን ድምፅ አውጥታ ታነብ ጀመር። ዘይት ላይ ስትደርስ ስንዱ «ኦሌዩም» አለች። አቼቶ ስትላት፣ «አሴቱም»። ስኳር፣ «ሳካሩም»።

ዳግማዊት ከስልኳ ቀና አለች። እናቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም።

«እንደተጋባን ማታ ማታ ይፈትነኝ ነበር። ከተሳሳትኩ ሳህን የማጥበው እኔ፣ ካልተሳሳትኩ እሱ።» ስንዱ ፈገግ አለች። «ብዙውን እሱ ነው ያጠበው።»

ስምንቱን መለሰች። መስኮትና ወንበርን አላወቀቻቸውም፤ አላምረው ፕላስተር ያልለጠፈው እነሱ ላይ ብቻ ነበር። ዳግማዊት ሁለቱን ባዶ ትታ፣ ከየት እንዳገኘችው በሚለው ቦታ «ከእናቴ ከስንዱ» ብላ ጻፈች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መደርደሪያው ላይ የማሩ ብልቃጥ ብቻ ቀርቷል፤ ሩብ ያህል ማር አለው፣ ፕላስተሩም አልተነካም።

«እሷ ማሩ ሲያልቅ ትታጠባለች» አለች ስንዱ።

ያን ቀን መክሰስ ላይ፣ ዳቦ ያለ ማር አይወርድልኝም የምትለው ዳግማዊት፣ ዳቦዋን ደረቁን በላች።