እርጥብ ሣር ላይ ያረፈው ድንጋይ

የተራራው ፓርክ ጠባቂ የመኝታ መኪናውን በር በብረት ፈልቅቆ ሲከፍት፣ ሰውየው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተጋድሞ ነበር። ላየው ሰው እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። የጋዝ ማሞቂያው አሁንም ይነዳል፤ የጣሪያው መተንፈሻ ግን ከውጭ በሴት የአንገት ልብስ ተወትፏል። የአንገት ልብሱ የሚስቱ ነው። ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም።

«ያለቀለት ነገር ነው» አላት ከከተማ ለመጣችው መርማሪ፣ ካቴናውን በጣቱ እያሽከረከረ። «ራሴን አመመኝ ብላ እንግዳ ማረፊያው ሄዳ ተኛች። ባልየው ታፍኖ ሞተ። ምን ቀረ?»

«የቀረውን ልጠይቅ ነዋ የመጣሁት።»

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እማማ ለምን» ይሏታል። ስሙ ጆሮዋ ደርሷል፤ እሷም አልጠላችውም።

መኪናው ሟቹ፣ መካኒክ ነበርና፣ በገዛ እጁ አልጋና ምድጃ የገጠመለት አሮጌ ሚኒባስ ነው። የቆመው ለጥ ባለ ሣር ላይ ነው። የፊት ጎማዎቹ ተጠርቦ ቀለም በተቀባ የእንጨት ታኮ ተይዘዋል፤ ከአንዱ የኋላ ጎማ ሥር ግን ተራ ድንጋይ አለ። መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ ታኮውን አነሳች። ከሥሩ ያለው ሣር ደረቅ ነው። ድንጋዩን ስታነሳ ግን ከሥሩ ያለው ሣር መዳፏን አረጠበው።

«ትናንት ዝናቡ መቼ ጣለ?»

«አመሻሽ ላይ» አለ ጠባቂው። «እኔው ነኝ ጃንጥላ ይዤ ሴትየዋን ማረፊያው ያደረስኳት። ሰውየው ከኋላችን በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።»

«አንተም እኮ ከሰውየው ጋር ተጣልተህ ነበር» ሲል አዛዡ ጣልቃ ገባ።

«ሣር ላይ እሳት አታንድድ ብዬው ነዋ! ለሣር ብዬ ሰው ልግደል?»

ሚስትየው ማረፊያው ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የጫማዋ ክር እንደተፈታ ነው።

«ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደረገው ማነው?»

«የምን ድንጋይ? ታኮውን እንደ ልጅ የሚንከባከብ ሰው ድንጋይ ሊያስጠጋ?»

«የአንገት ልብስሽስ?»

«ውጭ ገመድ ላይ ረስቼው ሄድኩ።»

«ለምን ነበር ወደዚህ የመጣችሁት?»

ሴትየዋ አቀረቀረች። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«ልጄ፣ ውጭ ያለው ሰውዬ ካቴና ይዞ ነው የሚጠብቅሽ።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ወሬውም አብሮ ወጣ። ባሏና ታናሽ ወንድሙ ከተራራው ግርጌ ባለችው ከተማ አንድ ጋራዥ አላቸው። በቅርቡ የተገለበጠው የተማሪዎች አውቶቡስ ፍሬኑ የተሠራው እዚያ ነው፤ ታናሹ ያለቀውን የፍሬን ሸራ መልሶ ገጥሞበት ነበር። ሹፌሩ አጥፍተሃል ተብሎ ታስሯል።

«ባሌ ወንድሙን ‹ተራራው ላይ ሽርሽር ሄደን እስክንመለስ ራስህ ሄደህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለው። እንዲያስብበት ጊዜ ሊሰጠው ብሎ ነው የመጣነው። ግን ታናሹ ጨካኝ አይደለም። እዚህ ተራራ ላይም ወጥቶ አያውቅም።»

መርማሪዋ የያዘችውን ውኃ ጨልጣ፣ የላስቲክ ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጋ ከድና መኪናዋ ውስጥ ጣለችውና ቁልቁል ወረደች።

ታናሹን ጋራዡ ውስጥ ዓይኑ ቀልቶ አገኘችው። ወለሉ የተስተካከለ ሲሚንቶ ነው፤ ያም ሆኖ ከየመኪናው የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አለ።

«ሜዳ ላይ ድንጋዩ ለምን?»

«የአባታችን ሕግ ነው። መኪና ላይ ከመውጣትህም፣ ሥሩ ከመግባትህም በፊት ድንጋይ! እጄ ሳላዘው ነው የሚያደርገው።»

«ተራራው ላይስ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«በሕይወቴ ወጥቼ አላውቅም! ብርድ አይስማማኝም። ትናንትም ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ያንን ጥግ ላይ የቆመውን ፒካፕህን ሌላ ሰው ይነዳዋል?»

«ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም።»

የፒካፑ ወንበር ላይ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ወድቋል፤ ጎኑ ስርጉድ ብሏል። መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የራሷም ጠርሙስ፣ ማንም ሳይነካው፣ ልክ እንደዚያኛው ተጨማዷል። ቆማ አየችውና ስልኳን አወጣች።

«ሁሉንም ይዘህ ወደ ጋራዡ ና» አለችው አዛዡን። «ካቴናውንም እንዳትረሳ።»

ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየው ከግድግዳው ተደግፋለች፤ ጠባቂው ባርኔጣውን ይጨብጣል።

«ታኮው የተደረገው ከዝናቡ በፊት ነው፤ ሣሩ ደረቅ ነው» ስትል ጀመረች። «ድንጋዩ የመጣው ሣሩ ከረጠበ በኋላ ነው። ያኔ ሟቹ በሩን ቀርቅሯል፣ ሚስቱ ሄዳለች። ስለዚህ ድንጋዩን ያስቀመጠው ጣሪያው ላይ ወጥቶ መተንፈሻውን የወተፈው ሰው ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ቀድሞ ታኮ ለተደረገለት መኪና ድንጋይ የሚጨምር ማነው? እጁ ሳያዘው የሚያደርገው ሰው።»

ታናሹ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ተራራው ላይ ወጥቼ አላውቅም አልኩ እኮ!»

መርማሪዋ በሁሉም ፊት ጠርሙሱን ከፒካፑ አወጣች። «እላይ አየሩ ስስ ነው። ጠርሙስ እዚያ ከድነህ ስትወርድ የታችኛው አየር ይጨመድደዋል። የእኔም ይኸው።»

«በእጄ ጨምድጄው ቢሆንስ?»

«ተከድኖ እያለ ከሆነ ስትለቀው ይመለሳል፤ ባዶ ጠርሙስ ጨምድዶ ጥርቅም አድርጎ የሚከድን ደግሞ ማነው? ይህ ግን አየር ጠምቶታል።» ክዳኑን ስትፈታው ጠርሙሱ እስ ብሎ አየር ሳበና ጎኑ ተነፋ።

ጠባቂው ራሱን ያዘ። «ከፓርኩ መግቢያ በር በታች የቆየ የእንጨት ጫኝ መኪና መንገድ አለ... ማንም አይጠብቀውም!»

ሚስትየው ከግድግዳው ተላቃ ወደ ታናሹ ቀረበች።

«እኔም ውስጥ ያለሁ መስሎህ ነበር፣ አይደል?»

ታናሹ አንገቱን ደፋ። በእጇ ያበላችው፣ በገዛ ቤቷ ያሳደገችው ልጅ ነበርና፣ ይህ መልሱ ከባሏ ሬሳ ባልተናነሰ ወጋት።

«ልትገድለን መጥተህ እንኳ፣ መኪናው እንዳይንሸራተት ድንጋይ አደረግክለት» አለችው።

ያን ጊዜ ታናሹ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዛዡ ሲሻው የቆየውን የሚታሰር እጅ አገኘ፤ ካቴናው ግን እጁ ላይ ከብዶት ነበር።

«አሁን» አለችው ሚስትየው ወደ አዛዡ ዘወር ብላ፣ «ያ ሹፌር የታሰረበት ጣቢያ ይውሰዱኝ። ባሌ ሊናገር የነበረውን እኔ እናገራለሁ።»

አዛዡ ቀድሟት ሄዶ የመኪናውን የፊት በር ከፈተላት።