የአንድ ሰው ድንኳን

«አትንቀሳቀስ አልኩህ» አለች ሳሌሃ፣ የሜትሩን ጫፍ በኡበይድ ተረከዝ ስር እየወሸቀች። «እግርህ አላልቅ አለኝ።»

ኡበይድ በእናቱ የልብስ ስፌት ቤት ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ራሱ የጨርቅ መደርደሪያውን፣ እግሩ የበሩን ደፍ ይነካል። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት «አንቴና» ይሉታል፤ ሰልፍ ላይ ከኋላው የሚቆሙ ልጆች ባንዲራው አልታየንም ብለው ለዩኒት ሊደሩ ከሰውት ያውቃሉ።

«አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት» አለች ሳሌሃ፤ ታናሽ እህቱ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁጥር ማንበብ ትወዳለች።

«በይ ስልኩን አቀብይኝ።»

ስልኩ ላይ ከመርካቶ የተላኩ ሦስት ፎቶዎች አሉ። አጎቱ አብዱልሃፊዝ የሴሚስተሩ ውጤት ካማረ ድንኳን እገዛልሃለሁ ብሎት ነበር። ውጤቱ አማረ፤ አጎትየውም ቃሉን አላጠፈም። አሁን ግን የድምፅ መልእክቱ ይጣደፋል። «ስማ ኡበይድ፣ ነጋዴው እስከ አስር ሰዓት ነው የሚጠብቀኝ። አንደኛው የአንድ ሰው ነው፤ ላባ በለው፤ ግን ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአምስት ነው። ሁለተኛው የሁለት ሰው ነው፤ ሁለት ሜትር ከአስር። ሦስት ኪሎ ይመዝናል፣ ዘንጉ ታጥፎም ከክንዴ ይረዝማል። ሦስተኛው የአንድ ሰው ሆኖ ለረጅም የተሠራ ነው። ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ ኪሎ ተኩል። ምረጥና ጻፍልኝ።»

ሦስተኛው ለሱ ተብሎ የተሰፋ ነበር። ቀላል ነው፤ ተጠቅልሎ የብስክሌቱ መሪ ላይ ይታሰራል፤ እግርም ያዘረጋል። ኡበይድ ግን ከጠዋት ጀምሮ መልስ መጻፍ አቅቶት ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደጅ ወጥቶ ያልጎደለ ጎማ ነፍቶ ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። አንድ የውጭ አገር ብስክሌተኛ እዚሁ ቡታጅራ ነዳጅ ማደያው ጀርባ ትንሽ ድንኳን ተክሎ አደረ፤ ጠዋት ጠቅልሎ መሪው ላይ አሰራትና ወደ ተራራው ወጣ። ኡበይድ ያን ካየ ወዲህ አርፎ አልተቀመጠም። ተራራውን ተሻግሮ፣ እምድብርንና አታትን አልፎ ብስክሌቱን እየነዳ በራሱ ጉልበት ወልቂጤ መግባት ይፈልጋል። ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ማደር ማለት ነው። እናቱ ባሂራ ሳምንት ሙሉ አይሆንም ስትል ከርማ በመጨረሻ «ከምንተስኖት ጋር ከሆነ» አለች። ምንተስኖት የጎረቤት ልጅ ነው፤ እሷ እጅ ላይ ያደገ ስለሆነ ታምነዋለች።

ባለፈው ሰኞ ምንተስኖት ከጉዞው ቀረ። ጉልበቴን ያመኛል አለ፤ ኡበይድ ግን ዳገቱን እንደፈራ ገብቶታል። መላውን የዘየደውም ራሱ ምንተስኖት ነው። «አንተ ሂድ። እኔ ሦስቱን ቀን እንሴኖ አክስቴ ጋ እከርማለሁ፤ ማን ያየኛል? ስትመለስ ደውልልኝ፤ አብረን እንገባለን። ፈታ በል አቦ።» ኡበይድም እሺ አለ። ውሸቱን የፈጠረው እሱ ስላልሆነ ያን ዕለት ብዙም አልከበደውም።

አሁን ግን ድንኳን ይመረጥ ተባለ። የአንድ ሰው ድንኳን ቤት ከገባ እናቱ «ሁለተኛው የት ሊያድር ነው?» ማለቷ አይቀርም። የሁለት ሰው ከገባ ማንም ምንም አይጠይቅም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ባሂራ በሩ ላይ ቆማለች፤ ክንዷ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ይዛለች።

«ለድንኳኑ እየለካሁት ነው» አለች ሳሌሃ።

«ተነስ! አስተግፊሩላህ፤ ተነስ ከዚያ። ሰው ቆሞ ነው የሚለካው። ተኝቶ የሚለካው ሌላ ነው።» በሰፈሩ ሰው ሲሞት ከፈኑን፣ የመገነዣውን ጨርቅ፣ የምትቆርጠው እሷ ናት፤ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ኡበይድ ዘሎ ተነሳና ራሱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ።

ስልኩን ተቀብላ ፎቶዎቹን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች አየች። አስተያየቷ የባለሙያ ነው፤ መጀመሪያ ስፌቱን፣ ቀጥላ ጥጉን፣ ከዚያ ወገቡን።

«የሁለት ሰው ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ስፌቱስ ደህና ነው። ግን ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነብላል። እግርህ ጨርቁን ከነካ ጤዛው ሲያርስህ ያድራል። በቁመትህ ላይ ለራስህ ስንዝር፣ ለእግርህ ስንዝር ጨምር። ይሄ ያጥርሃል።»

«በሰያፍ እተኛለሁ እማ፤ ከጥግ እስከ ጥግ።»

«ምንተስኖትስ?»

«እሱ… እሱ አጭር ነው» አለ ኡበይድ።

ሳሌሃ ሳቀች። እናቱ አልሳቀችም፤ ሜትሩን ከልጅቷ ወስዳ አንገቷ ላይ አደረገች። «ሂጂ ጥሪው። ትከሻችሁን እለካለሁ። ሁለት ልጅ ተጨናንቆ ሲንቀጠቀጥ አያድርም።»

ምንተስኖት በሁለት ደቂቃ መጣ፤ ጉልበቱ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። «አሰላሙ አለይኩም እትዬ ባሂራ» አለ እንደ ልማዱ።

«ወአለይኩም ሰላም። ና ቁም እዚህ።» ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካችው፤ ቀጥላ ኡበይድን። «ይበቃችኋል፤ ያውም ካልተገላበጣችሁ ነው። ዳገቱንስ ትችለዋለህ?»

«እኔ? እሱን የምጎትተው እኔ ነኝ ወላሂ።»

ሲናገር ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም። ኡበይድ ወለሉ ላይ የወደቁትን የጨርቅ ብጣሾች በእግሩ ሰበሰበ።

«መቼም ረቡዕ ነው የምትነሱት» አለች ባሂራ፤ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር ሁለት ባለክዳን ዕቃዎች አወጣች። «ለሱ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ አድርጌለታለሁ። ላንተ ረቡዕም ዓርብም ጾም ስለሆነ በሶውን በኑግ ዘይት ነው የጨበጥኩት። ዕቃው አዲስ ነው፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ አትጠራጠር። መንገድ ላይ እንዳይለዋወጥባችሁ ያንተን በቀይ ክር አስሬዋለሁ።»

ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ምንተስኖት ቀዩን ክር አየ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ወዲያውም ለመውጣት ቸኮለ።

ኡበይድ ተከትሎት ወጣ። በሩን እንዳለፉ የምንተስኖት ነፍስ ተመለሰችለት። «ሁለተኛውን ድንኳን በልና ገላግለን። በሶውን እንሴኖ ቁጭ ብዬ እበላዋለሁ።»

«አያስቅም።»

«ምን ሆንክ? ሰኞ እሺ ብለህ የለም እንዴ?»

ብሎት ነበር። ብስክሌቱን ከግድግዳው አንስቶ ተፈናጠጠና መንገዱን በባጃጆቹ መሃል ወረደው፤ መለሰና ወጣው፤ እንደገና ወረደው። አፍሮ ነበር። እናቱ የማይሄድ ልጅ ጾሙን እንዳይገድፍ ብላ አዲስ ዕቃ ገዝታለች። ከማሽኗ ተነስታ ሱቅ የሄደችበትን ሰዓት ሁሉ እያሰበ ፊቱ ጋለ።

ምንተስኖት ላይም ተናደደ። ጥቂት ቆይቶ ንዴቱ ወደ ራሱ ዞረ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የምትለው እናቱ ራሷ ናት፤ ይሄኛው ውሸት ረቡዕ መድረሱም ያጠራጥራል። ደግሞስ ቢደርስ? ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። እሷ የኡበይድ ስልክ እምቢ ሲላት ለምንተስኖት ትደውላለች። እንሴኖ የተቀመጠው ልጅ «እዚሁ አጠገቤ ተኝቷል» ይላታል። ኡበይድ ገደል ውስጥ እንኳ ቢሆን እሷ አምና ትተኛለች።

እውነቱን ከነገራት ግን መንገዱ ሊቀር ይችላል፤ ይሄን በደንብ ያውቃል። ብቻህን አትሄድም ካለች አትሄድም ነው፤ የባሂራ አይሆንም ሁለት ጊዜ አይለሳለስም። ዓመት ሙሉ ያለመው መንገድ ሦስት ቀን ሲቀረው ከእጁ ሊወጣ ነው። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ተራራውን ቀና ብሎ አየው። ዛሬ ጠርቷል፤ እስከ ጫፉ ይታያል። እንዲህ መሄድ አምሮት አያውቅም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። «አስር ሊሆን ነው፤ ሰውዬው ሊዘጋ ነው» ይላል አጎቱ።

ኡበይድ ከብስክሌቱ ወርዶ ጻፈ፦ «ሦስተኛውን፤ የአንድ ሰው ረጅሙን።» አልላከውም። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ።

እናቱ ማሽኑን እየረገጠች የዩኒፎርም ሱሪ ትሰፋለች። ስልኩን የምትሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠላት። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። መዘውሩን በመዳፏ ያዘችና ማሽኑ ቆመ።

«የአንድ ሰው?»

«ምንተስኖት አይሄድም እማ። ከሰኞ ጀምሮ አይሄድም። አውቄ ነው ያልነገርኩሽ።»

ባሂራ ቀይ ክር የታሰረው ዕቃ ወደወጣበት በር አየች። ፊቷ ላይ የመጣውን ኡበይድ ሊያየው አልፈለገም፤ ግን አየው።

ስልኩ ጨርቁ ላይ ጮኸ። አብዱልሃፊዝ ነው። እሷም እሱም ለማንሳት አልተጣደፉም።

«አንቺ አንሺው» አለ ኡበይድ። «ያልሽው ይሆናል።»

እስክትወስን ደጅ ወጥቶ መጠበቅ ይችል ነበር። ግን በርጩማ ስቦ፣ ረጅም እግሮቹን ከማሽኑ ስር አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ።