ሁለት ጊዜ የተጻፈው አድራሻ

ማስጠንቀቂያው ለምን አልጮኸም?

ሳርሚዲ በሱራባያ ከተማ የሽሪምፕ ማቀዝቀዣ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ከማቀዝቀዣው ባፈተለከ የአሞኒያ ጋዝ ታፍኖ ሲሞት፣ ከአናቱ በላይ የተሰቀለው የጋዝ ጠቋሚ ሳጥን አረንጓዴ እያበራ ዝም ብሏል። ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ እንኳ ይሻላል፤ ይህ ጭራሽ አልጮኸም።

መርማሪዋ ዉላን ሳጥኑን የሠራው ድርጅት ስትደርስ ጥፋተኛ ተመርጦ ጠበቃት።

«ሊንታንግ ናት!» አለ ኃላፊው ፓክ ሃርቶዮ፤ «ፓክ» በአገሩ «አቶ» ማለት ነው። «ሲጨርስ "አለቀ ጌታዬ" እያለ በሚያላግጥ፣ ስክሪፕት በሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ፋይሎቹን አበላሸች። እሰሯት!»

«እርስዎስ ስክሪፕቱን ነክተውታል?»

«እኔ? እስከ ሐሙስ ጃካርታ ነበርኩ። የእነሱን ኮምፒውተር ነክቼም አላውቅ።»

ፕሮግራመሯ ሊንታንግ አላለቀሰችም፤ ተናዳለች።

«የሳጥኑ ፕሮግራም ሲገነባ ላይብረሪዎቹን፣ ማለትም የተዘጋጁ የፕሮግራም ክፍሎችን፣ ከየት እንደሚያመጣ የሚነግሩ አርባ ሦስት ፋይሎች አሉ። ላይብረሪዎቹ "አዲስ" ወደሚባል ማኅደር ሲዛወሩ አድራሻው ሁሉ ተሳሳተ። የኔ ስክሪፕት በየአድራሻው ፊት "አዲስ" የሚለውን ይጨምራል። ማክሰኞ አንዴ አስነሳሁት፤ በቃ።»

ፈታሹ ዳናንግ ጣልቃ ገባ። «ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑ ላይ አሞኒያ አስጠጋሁበት። ጆሮዬን እስኪበሳው ጮኸ። የምትታሰረው ለምንድን ነው?»

ዉላን ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ተመልከቱ። "አዲስ/አዲስ/ጋዝ" ይላል። ስክሪፕቱ ሁለት ጊዜ ተነስቷል፤ እንዲህ ያለ ማኅደር ደግሞ የለም። ፕሮግራሙ የጋዙን ላይብረሪ ሲያጣ የመለማመጃውን ወሰደ። የመለማመጃው ሁልጊዜ "አየሩ ንጹህ ነው" ይላል። ሊንታንግና ዳናንግ ፋይሎቹ መታረማቸውን ያውቃሉ። የማያውቀው ሐሙስ የመጣው ሰው ነው።»

«ግምት ነው!» ጮኸ ሃርቶዮ።

«ሊንታንግ፣ "አለቀ ጌታዬ" የሚለውን መቼ ጻፍሽው?»

«ረቡዕ፣ ከፍተሻው በኋላ። ደስ ብሎኝ። ለማንም አላሳየሁም።»

«ስለዚህ ከረቡዕ በኋላ ስክሪፕቱን ያስነሳ ሰው ብቻ ነው ስክሪኑ ላይ የሚያየው። ፓክ ሃርቶዮ፣ ለእርስዎ ማን አነበበልዎ?»

ዳናንግ ብድግ አለ፤ የስድስት ዓመት አንቱታ በአንድ ትንፋሽ ወደቀ።

«ሐሙስ ዳግም ሳይፈተሽ አይውጣ ብዬህ ነበር! "ደንበኛው ቸኩሏል" አልከኝ! ከዚያ እሷን ልታሳስር?»

«ሰው ይሞታል ብዬ በምን አውቃለሁ?» አለ ሃርቶዮ። «ማን ነገረኝ?»

ዉላን የሟቹን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሳርሚዲ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳጥኑ ላይ ወደተለጠፈው የሃርቶዮ ቁጥር የላከው መልእክት ይታያል፦

«ፓክ፣ ክፍሉ ይሸታል፤ ሳጥናችሁ ግን አረንጓዴ ነው። ሳጥኑን ልመን ወይስ አፍንጫዬን?»

መልእክቱ በደረሰበት ደቂቃ ተነብቧል። ከሥሩ ምንም የለም።