ለአንጎል ምርመራ የተሠራ ፀጉር

ፀጉር ሠሪዋ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ለአንጎል ሞገድ ምርመራ የወሰደቻት እንደ ሙሽራ አስጊጣ ነው። የቀጠሮው ወረቀት «ፀጉር ታጥቦ፣ ቅባት ሳይነካው» ይላል። እሷ ግን፣ «የፀጉር ሠሪ ልጅ ተንጨባራ ብትሄድ ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ጥፍር አድርጋ ሠርታ በዘይት አብለጨለጨቻት። አዬ፣ ሰው ምን ይለኛል! ስንቱን ቤት አፈረሰ!

ሐኪሙ ሽቦዎቹን ራሷ ላይ ቢለጥፍ ይንሸራተታሉ፤ ደግሞ ቢለጥፍ ይወርዳሉ።

«እትዬ፣ ይፈታና ይታጠብ» አለ።

«የአራት ሰዓት ሥራዬ እኮ ነው!»

«እኔ የምፈልገው ከፀጉሩ ሥር ያለውን ነው።»

እያጉረመረመች ፈታች፤ አጠበች። ምርመራው ተጀምሮ መብራቱ ልጅቷ ፊት ብልጭ ድርግም ሲል፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች ሽቅብ ዘለሉ። በዚያችው ቅጽበት የልጅቷ ክንዶች ተወራጩ።

«አንቺ ቀዥቃዣ! እዚህም?» አለች እናት።

«ቤትም እንዲህ ያደርጋታል?» ሲል ጠየቀ ሐኪሙ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት የምሰብረው ብርጭቆስ?» አለች ልጅቷ።

«እሱማ ዝርክርክ ስለሆንሽ ነው!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስንት ብርጭቆ?»

«ስድስት ነበረን። አሁን በጣሳ ነው የምንጠጣው» አለች ልጅቷ።

ከሦስት ወር በፊት ልጅቷ ራሷን ስታ በወደቀች ጊዜ፣ ለመጀመሪያው ሐኪም መውደቋን ብቻ ነበር የነገሩት፤ እሱም በነገሩት ልክ መድኃኒት አዘዘ።

«ብዙ የማይገኝ፣ እየባሰ የሚሄድ የሚጥል በሽታ ሳይሆን አይቀርም» አለ ሐኪሙ። «ለማረጋገጥ የደም ምርመራ እንጨምራለን። እጇን የሚያወራጫት አንጎሏ ነው፤ የምትወስደው መድኃኒት ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ያባብሳል። ብርጭቆውን ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተቀይሮላት ነበር።»

«ይድናል?»

«ጨርሶ አይድንም። ማስታገስ ግን እንችላለን።»

እናት እንባዋ እየወረደ፣ «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ሰደብኩሽ?» አለች።

«ስድስት ጊዜ። ሳህኑን ሳልጨምር» አለች ልጅቷ።

እያለቀሱ ሳቁ።

መድኃኒቱ ከተቀየረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ አንዲት ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያው ስር ተቀምጣ፣ «ልጅሽ ምን ሆና ነው የጠፋችው?» አለቻት። ድሮ ቢሆን «ጉንፋን ነው» ትል ነበር።

«የሚጥል በሽታ አለባት!»

«አልሰማሁሽም!»

«የሚጥል በሽታ!» ብላ ጮኸች።

ፀጉሯ በግማሽ የተሠራ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ተጠጋቻት። «የእህቴም ልጅ ትወድቃለች። ደብቀናት ነው እንጂ... የት ነው የወሰድሻት?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለካ እውነት ነው። ፀጉር ሠሪዋ የሐኪሙን አድራሻ ጽፋ ሰጠቻት፤ ሴትየዋ ተሠርታ ጨርሳ በሩ ጋ ስትደርስም ጠራቻት።

«ሁሉንም ንገሪው እሺ! ደግሞ አደራሽን፣ ፀጉሯን ዘይት እንዳትቀቢያት!»