ኑሀሚን የመረጠችው ሺፍት

በድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች አንዷ የኑሀሚንና የሰይፈ ሚካኤል ቤት ነበረች። ጠባብ ናት፤ ቆርቆሮዋ በቀን ያነድዳል። ነገር ግን በዚያ ግቢ ከእነሱ የበለጠ የሚዋደድ ባልና ሚስት አልነበረም። እሱ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን፣ እሷ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ሰፊ። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፣ ገላቸውን ይለቃለቁና በራቸውን ይዘጋሉ። ጎረቤታቸው ዱኒያ በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናትና ምላሷ አያፍርም፤ «አቦ፣ የእናንተ ጫጉላ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለች ታሾፍባቸዋለች። ኑሀሚን ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ከባሏ እቅፍ ስትነሳ ቀኑን ሙሉ የያዛት ራስ ምታት ይለቃታል፣ የሱፐርቫይዘሩ ጩኸት ይረሳታል፣ እንቅልፏም የሕፃን እንቅልፍ ይሆናል። እሱም ያፏጫል፣ ይቀልዳል። ሌላው ቢጎድል ምን ቸገራቸው?

ምነው እንዲሁ በዘለቀላቸው! በግንቦት፣ ድሬ እንደ ምድጃ በምትግልበት ወር፣ የኑሀሚን የአምስት ወር ጽንስ ጨነገፈ። ደሟ አልቆ ለሞት ደርሳ ነበር። ከሆስፒታል በተመለሰችበት ዕለት ባሏ ታጣፊውን አልጋ አንሥቶ ወደ ግቢው ወጣ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ዘረጋው። «ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ» አላት፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ። በድሬ ሙቀት ወንድ ግቢ ማደሩ ብርቅ አይደለም። ግን በዚያ ቀን? ጡቷ ያለ ልጅ ወተት ሲያፈስ፣ ሌላ ሰው ሳይሆን የእሱን ክንድ ብቻ ስትፈልግ? «ና፣ አጠገቤ ሁን» ማለት ኩራቷ አልፈቀደላትም። ግድግዳውን እያየች «ተጸየፈኝ፤ ልጅ ያላቆመ ገላ ምን ያደርግለታል!» አለች በልቧ። እዚያው ላይ ቂሙ ተጸነሰ።

ከአርባ ቀን በኋላ ሰይፈ ሚካኤል አልጋውን አጥፎ ገባና በፍርሃት እጁን ዘረጋላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ! ኑሀሚን ጀርባዋን ሰጠችው። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ሄዳ ሠራተኛው ሁሉ የሚሸሸውን የማታ ሺፍት በቋሚነት ጠየቀች። ሰውዬው ያመማት መስሎት ሁለቴ ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። በዕረፍት ቀኗ «ደክሞኛል» ነው። ወጡን ትሠራለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ክፉ ቃል አይወጣትም። ሽማግሌ ቢቀመጥ ምን ጥፋት ያገኝባታል? በዚህ ውስጥ ውስጡን ትረካ ነበር። ሲከሳ አይታ ትረካለች፣ ፉጨቱ መጥፋቱን ሰምታ ትረካለች። እሷም እንቅልፍ ካጣች፣ ራስ ምታቷ ከተመለሰባት ቆይቷል፤ ግን በቀል የያዘው ሰው የራሱን ሕመም መች ይቆጥራል!

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ሰይፈ ሚካኤል የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ገባና ከፊቷ ቁጭ አለ።

«ኑሃዬ፣ ግፊት አለብህ ተባልኩ። ሐኪሙ ስለ ጨው ጠየቀኝ፣ ስለ እንቅልፍ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ… ስለ እኔና አንቺ ጠየቀኝ። መዋሸት አቃተኝ። ክኒኑን አትተው፣ ግን ባልና ሚስት ሲተቃቀፉ፣ ሲገናኙ ጭንቀት ይቀላል፣ እንቅልፍ ይመጣል፣ ለልብም ደግ ነው አለኝ።» ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «እኔ ግን ለመድኃኒት ብዬ አይደለም የምለምንሽ። ናፈቅሽኝ። አንድ ቤት እየኖርን ናፈቅሽኝ!»

ልቧ አልተንቀሳቀሰም ማለት ውሸት ነው፤ ተንቀሳቅሷል። ግን ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቀን ይህ አልነበረምን?

«እኔ ስደማ መድኃኒቴ የት ነበር?» አለችው ቀና ሳትል። «ግቢው ሰፊ ነው፣ ሰይፈ። ሙቀቱ ካላስተኛህ ውጣ።»

በሩን ዘግታበት ወጣች። የፓርኩ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮቱ እያየች ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ የክኒኑ እሽግ አልጎደለም። ለማን ብሎ ይዋጥ? ኑሀሚን አይታለች። «ሊያስፈራራኝ ነው» ብላ ተወችው። በሦስተኛው ወር ሰይፈ ሚካኤል ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱ ተሳሰረ።

ዱኒያ ሆስፒታል ልትጠይቅ መጥታ ኮሪደሩ ላይ «አይዞሽ እህቴ፣ አብሽሪ» ስትላት፣ የታመቀው ነገር ገነፈለ።

«ምን አይዞሽ ትይኛለሽ? በዚያ ቀን፣ ልጄን አጥቼ ከሆስፒታል በተመለስኩበት ቀን፣ ተጸይፎኝ ግቢ የወጣ ሰው እኮ ነው!»

ዱኒያ ፊቷ ተለወጠ። «ተጸይፎሽ? ያ ረቢ! እኔ ነኝ እኮ ያስወጣሁት! አርባ ቀን እንዳትቀርባት፣ ቁስሏ ቢመረዝ ትሞትብሃለች አልኩት። አጠገቧ ተኝቼ ራሴን አላምንም ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ። እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር። ወላሂ፣ የነገረሽ መስሎኝ ነው!»

አልነገራትም። አፈረ። እሷም አልጠየቀችም። አንድ ቃል አጥተው ሦስት ዓመት ተቃጠሉ!

ኑሀሚን እየተንደረደረች እሱ ወደተኛበት ክፍል ገባች። በጠራራ ፀሐይ፣ የበሽተኛውና የጠያቂው ዓይን ሁሉ እያያት፣ ከባሏ ጎን ተጋደመች። የሚሠራውን ግራ እጁን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገች። «አላወቅሁም ነበር፣ ዱኒያ አሁን ነገረችኝ… ይቅር በለኝ፣ ሰይፍዬ! ማረኝ!» እያለች አለቀሰች። ሰይፈ ሚካኤል ብዙ አያት። እጁ ሞቃት ነበር፤ ለአፍታ ጉንጯን የዳበሰ መሰላት። ከዚያ ቀስ አድርጎ አስለቀቃት፣ ደረቱ ላይ መለሰው። የተሳሰረ ምላሱን ታግሎ፣

«ሂጂ… ሰርቪስ… ያመልጥሻል» አላት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዚያ ገር ሰው በቀል ይኸው ነበር፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም። በሁለተኛው ቀን፣ እንዳዞረ፣ ሞተ።

ላያስችል አይሰጥም ይባላል፤ እኔ ግን አንዳንዱን መከራ እግዜር ሳይሰጠን በእጃችን ፈትለን የምንለብሰው ይመስለኛል። በድንኳኑ ውስጥ የግቢው ሴቶች ከበዋት «ምን አጎደልሽበት! አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ አብልተሽ! ደግ ሚስት ነበርሽ» እያሉ አጽናኗት። ዱኒያ ብቻ ከጥግ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ኑሀሚን ተነሥታ «ዝም በሉ! እኔ ነኝ የገደልኩት!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹም ኀዘን አእምሮዋን ነክቷት ነው ብለው፣ ውኃ ረጭተው አስቀመጧት።